የታረመ ካርድና የተነካካ ካርድ

አንድ ሐኪም ታካሚው ከሞተ በኋላ ካርዱን አስወጥቶ፣ ያልለካውን የደም ግፊት እንደለካ፣ ያላዘዘውን ምርመራ እንዳዘዘ አድርጎ ቢጽፍበት ምን ይደርስበታል? መልሱ እንደ አገሩ ይለያያል። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት የሆስፒታል መዝገብን አጭበርብሮ መለወጥ ጣሪያው 60 ቀን እስራት የሆነ ቀላል ወንጀል ነው። ካሊፎርኒያም በወንጀል ሕጓ አንቀጽ 471.5 ድርጊቱን ከቀላል ወንጀሎች ተርታ አስቀምጣዋለች። ሚሺጋን ግን እስከ 4 ዓመት እስራትና እስከ 5,000 ዶላር መቀጮ ደንግጋለች። ነገሩ በፌዴራል መንግሥት ምርመራ ሥር ከወደቀ ደግሞ ከኤንሮን ኩባንያ የሒሳብ ማጭበርበር ቅሌት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ሕግ ይመጣል፤ ምርመራን ለማደናቀፍ ሲል ሰነድ የለወጠ ወይም ያጠፋ ሰው እስከ 20 ዓመት ሊታሰር ይችላል። በነገራችን ላይ በዚሁ ሕግ፣ ከተፈቀደው መጠን በታች የሆኑ ዓሦችን አስግሮ ተቆጣጣሪ ሲመጣበት ወደ ባሕር የጣለ ዓሣ አጥማጅ ተከሶበታል። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2015 በ5 ለ4 ድምፅ፣ ዓሣ ሕጉ የሚለው ዓይነት መረጃ የሚያዝበት ዕቃ አይደለም ተብሏል። የታካሚ ካርድ መረጃ የሚያዝበት ዕቃ ስለመሆኑ ግን የሚከራከር አይኖርም።

ለአንድ ድርጊት ቅጣቱ ከ60 ቀን እስከ 20 ዓመት ሲራራቅ፣ ሕግ አውጪዎቹ የሚቀጡት ጥፋት ምን እንደሆነ ያልተስማሙ ይመስላል። አንዱ የወረቀት ማጭበርበር አድርጎ ያየዋል። ሌላው ፍትሕን ማደናቀፍ ይለዋል። ካርድ ግን በመጀመሪያ ለፍርድ ቤት ተብሎ የሚጻፍ ነገር አይደለም። ማታ ተረኛ ሆኖ የሚገባው ሐኪም፣ ቀን የነበረው ባልደረባው ምን እንዳየና ምን እንዳዘዘ የሚያውቀው ከካርዱ ነው። ፔኒሲሊን የማይስማማት ሴት ካርዷ ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ ቢፋቅ፣ ቀጥሎ መርፌ ይዞ የሚመጣው ነርስ የሚያስጠነቅቀው የለም። የካርድ ውሸት በአልጋው ላይ ያለውን ሰው ነው በቅድሚያ የሚጎዳው፤ ችሎት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ሲነሳ አብዛኛው ክርክር የሚያተኩረው ቅጣቱ ይክበድ ወይስ ይቅለል በሚለው ላይ ነው። ለእኔ ይህ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ የመጀመሪያው ጽሑፍ የት አለ የሚለው ነው። መጀመሪያ የተጻፈው ነገር ሳይጠፋ ከቆየ ሐሰተኛውን ለመያዝ ስድስት ወር የሚያስቀጣ ሕግም ይበቃል። ከጠፋ ግን 20 ዓመት የሚያሳስር ሕግ ወይ ማንንም አይዝም፣ ወይ ንጹሑን ይይዛል።

የመጀመሪያውን ሁኔታ ለማስረዳት ከሃሮልድ ሺፕማን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሰውየው በእንግሊዝ፣ ማንችስተር አቅራቢያ ባለችው ሃይድ ከተማ ብዙ ሰው የሚወደው የሰፈር ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ 15 ታካሚዎቹን በመግደል ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ በዳኛ ጃኔት ስሚዝ የተመራው አጣሪ ጉባኤ ደግሞ በ2002 ባወጣው ሪፖርት የሟቾቹን ቁጥር 215 አድርሶታል። ዘዴው ይህ ነበር፦ አረጋውያንን፣ በተለይም ሴቶችን፣ በዲያሞርፊን ይገድልና ወደ ክሊኒኩ ተመልሶ ኮምፒውተሩ ላይ የሟቿን የሕመም ታሪክ ይፈጥራል። ከወራት በፊት ደረቷን ያማት እንደነበር፣ ልቧ ደክሞ እንደነበር የኋላ ቀን እየሰጠ ያስገባል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው እሱ የሰጠው ቀን ነው። ሶፍትዌሩ ግን እያንዳንዱ ጽሑፍ በእርግጥ የገባበትን ቀንና ሰዓት ከጀርባ ይይዝ ነበር፤ ሺፕማን ይህን አላወቀም። በአንዷ ሟች መዝገብ ላይ ከአሥር ወር ገደማ በፊት እንደተጻፈ የሚታየው የደረት ሕመም፣ የገባው ሴትዮዋ በሞተችበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ሆኖ ተገኘ። ፖሊሶች ይህን ፊቱ ላይ ሲያስቀምጡለት፣ ማስገባቱን እንደማያስታውስ ነበር የመለሰው።

ሺፕማን የተፈረደበት በነፍስ ግድያና ኑዛዜ አስመስሎ በመሥራት ነው፤ መዝገብ በመለወጥ አልተከሰሰም። የተለወጠው መዝገብ ያገለገለው ወደ ገዳዩ የሚያደርስ ዱካ ሆኖ ነው። በብዙ አገር ችሎቶችም የካርድ መነካካት ዋና ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ዳኛው ፊት ሲቀርብ ራሱ ከሚያስከትለው ቅጣት ይልቅ ስለ ሌላው ጥፋት የሚናገረው ይከብዳል። ካርዱን የደለዘ ሐኪም በሙያው ላይ የፈጸመው ስህተት ባይኖር እንኳ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚያምነው አይገኝም።

በቶኪዮ የሆነው ይህን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በማርች 2001 በቶኪዮ የሴቶች ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አንዲት የ12 ዓመት ልጅ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ከቀናት በኋላ አረፈች። በቀዶ ሕክምናው ወቅት የልብና የሳንባን ሥራ ተክቶ ደም የሚያዘዋውረውን ማሽን ይቆጣጠር የነበረው ሐኪም በቸልተኝነት ተከሰሰ። ሌላው ከፍተኛ ሐኪም ደግሞ መዝገቡን በመለወጥ። በ2004 መዝገቡን የለወጠው ሐኪም ማስረጃ በማጥፋት ጥፋተኛ ተብሎ አንድ ዓመት እስራት ከሦስት ዓመት ገደብ ጋር ተፈረደበት። የማሽኑ ሐኪም ግን በመጀመሪያ ደረጃም በይግባኝም ነጻ ወጣ። ሊደበቅ የተፈለገው ነገር ወንጀል ሆኖ አልተገኘም፤ መደበቁ ግን ወንጀል ሆነ። ሆስፒታሉም ለታላላቅ ሆስፒታሎች የሚሰጠውን ልዩ ደረጃ ተነጠቀ። እዚህ ላይ አንድ የሕግ ቀዳዳ አለ፤ የጃፓን ወንጀል ሕግ ማስረጃ ማጥፋትን የሚቀጣው የጠፋው ማስረጃ በሌላ ሰው የወንጀል ጉዳይ ላይ ሲሆን ነው። የባልደረባውን ጥፋት ለመሸፈን የደለዘ ይቀጣል፤ የራሱን ለመሸፈን የደለዘ በዚያ አንቀጽ አይያዝም። አንባቢ ይህን ሲሰማ ቢገረም አይፈረድበትም። ሰው ራሱን እንዲወነጅል አይገደድም ከሚለው የቆየ መርህ የመጣ ነው ቢባልም፣ ታካሚው ጉዳቱን የቆጠረው ማን ለማን ሲል ደለዘ ብሎ አይደለም።

ካርድ የሚነካው ሁልጊዜ ሐኪም ነው ማለትም ስህተት ነው። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ኦገስታ ከተማ በሚገኘው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል፣ ከሆስፒታሉ ውጭ ሕክምና እንዲያገኙ ተመርተው ወረፋ ይጠብቁ የነበሩ ከ2,700 በላይ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ ተከማችቶ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ክምችቱን ለማስወገድ መላ ዘየደ፤ ሥሩ ያሉትን ሠራተኞች አገልግሎቱ ተሰጥቷል ወይም ታካሚው አልፈልግም ብሏል እያሉ መዝገቡን እንዲዘጉ አዘዘ። በ2015 ተከስሶ በ50 ክሶች ጥፋተኛ ተባለ፤ የ27 ወር እስራትም ተፈረደበት። የተከሰሰበት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1996 ከወጣው፣ ብዙ ሰው የታካሚ ምስጢር ጠባቂ ብሎ ብቻ ከሚያውቀው አዋጅ የተወለደ ሲሆን፣ በጤና አገልግሎት ጉዳይ የሐሰት መረጃ ማስገባትን በእያንዳንዱ ክስ እስከ 5 ዓመት ያስቀጣል። እዚህ ውስጥ ምንም ዓይነት የሕክምና ስህተት የለም። የነበረው አለቃ የጠየቀው ቁጥር ነው። ወረፋ አጠረ የሚል ሪፖርት የሚያስመሰግንበት መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ የትም አገር ይሁን፣ ይህ ፈተና አለበት።

ይህ ጉዳይ ወደ እኛ ሰዎች የሚቀርብበት አንድ በር አለ። በአሜሪካ በነርስነትና በረዳት ነርስነት፣ በተለይም በአረጋውያን መጦሪያዎች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። በእነዚህ ቤቶች አልጋ ላይ የዋለ ሰው ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል፤ መገላበጡም ቅጽ ላይ ይፈረማል። ሠራተኛ ሲያንስና ሌሊቱ ሲረዝም፣ የሌሊቱን ፊርማ በሙሉ አንዴ ፈርሞ ማሳረፍ ቀላል ይመስላል። የኒው ዮርክ ዓቃቤ ሕግ በ2000ዎቹ ውስጥ በቤተሰብ ፈቃድ በታካሚ ክፍሎች ካሜራ ደብቆ፣ ቅጹ ላይ የተፈረመውንና በእርግጥ የተሠራውን አነጻጽሯል። ውጤቱ እስር ነበር፤ ክሱም የሥራ መዝገብን በሐሰት መሙላት የሚል፣ እስከ 4 ዓመት የሚያሳስር ከባድ ወንጀል። የተያዙት በአብዛኛው በዝቅተኛ ደመወዝ የሚሠሩት ናቸው። አንድን ረዳት ነርስ ለብዙ አረጋውያን ያሰማራው ባለቤት ግን ቅጹ ላይ ፊርማ የለውም። ፊርማ የሌለው ሰው ደግሞ በሐሰት ፊርማ አይከሰስም።

እስካሁን ያነሳኋቸው ጉዳዮች ሁሉ አንድ ነገር ታሳቢ ያደረጉ ናቸው፤ ውሸቱ መታወቁን። በዌልስ፣ ብሪጅንድ ከተማ፣ ፕሪንሰስ ኦፍ ዌልስ ሆስፒታል የተፈጸመው ግን ይህ ታሳቢ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ያጋልጣል። ነርሶቹ የታካሚዎችን የደም ስኳር በእጅ በሚያዝ መለኪያ ይለኩና ውጤቱን ወረቀት ላይ በእጃቸው ይጽፋሉ። መለኪያው ወደ መትከያው ሲመለስ ደግሞ የለካውን ሁሉ ወደ ሆስፒታሉ የመረጃ ቋት ይልካል። ሁለቱን ያነጻጸሩ መርማሪዎች፣ ወረቀት ላይ ያሉ ብዙ ቁጥሮች ኮምፒውተሩ ውስጥ እንደሌሉ አዩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ማሰብ ያስፈለገ አይመስልም። ወረቀቱ ላይ ካለ፣ ማሽኑ ውስጥ ከሌለ፣ ነርሷ ሳትለካ ቁጥር ፈጥራለች ማለት ነው ተባለ። ነርሶች ከሥራ ታገዱ፤ ፖሊስ ገባ፤ ታካሚን ሆን ብሎ ችላ በማለት ወንጀል ክስ ተመሠረተ።

እ.ኤ.አ. በ2015 ጉዳዩ ካርዲፍ ከተማ ችሎት ፊት ሲቀርብ፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮፌሰሩ ሃሮልድ ቲምብልቢ ለተከሳሾቹ በባለሙያ ምስክርነት መረጃውን መረመሩት። ያገኙት ነገር ክሱን ከሥሩ ነቀለው። ቋቱ ውስጥ የሌለ ነገር ሁሉ ሳይለካ የቀረ አልነበረም፤ የመሣሪያው አምራች ኩባንያ ባለሙያ የመረጃ ቋቱን በሚያጸዳበት ጊዜ የተሰረዘ መረጃ ነበር። መሣሪያ ያልተመዘገበ ኮድ ሲያነብ፣ በሌላ ሰው መለያ ሲሠራ፣ በትክክል ሳይተከል ሲቀር መረጃ ሊዛባ እንደሚችልም ማንም ቀድሞ አላጣራም። ዳኛው የኮምፒውተሩን ማስረጃ አልቀበልም አሉ፤ ክሱ ፈረሰ፤ በችሎቱ የነበሩት ነርሶች ነጻ ወጡ። ጥፋታቸውን አምነው የተፈረደባቸው ባልደረቦቻቸው ግን ነበሩ። አንዳንዶቹ በእርግጥ ሳይለኩ ጽፈው ሊሆን ይችላል። ችግሩ፣ በዚያ መረጃ ላይ ተመሥርቶ ያጠፋውን ካላጠፋው መለየት የማይቻል መሆኑ ነው።

መዝገብ ነክታችኋል ተብለው የተከሰሱት ነርሶች ነበሩ። መዝገብ በእርግጥ መንካቱ የተረጋገጠው ግን ለጥገና የመጣው ሰው ነው፤ እርሱም በተንኮል አይደለም። የሺፕማን ኮምፒውተር እውነቱን ስለተናገረ የሁሉም ኮምፒውተር ይናገራል ብሎ ማመን አደገኛ ነው። የወረቀት ካርድ ላይ የፍሉድ ቅብ በዓይን ይታያል፣ የቀለም ልዩነት ይታያል፣ የተቀደደ ገጽ ጥርሱ ይቀራል። የመረጃ ቋት ላይ የሚሠራ እጅ ግን ዱካ የሚተወው አስቀድሞ ዱካ እንዲተው ተደርጎ ከተሠራ ብቻ ነው። የሥርዓቱን ቁልፍ የያዘው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ጋውን አይለብስም።

በአሜሪካ፣ ናሽቪል ከተማ በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል በ2017 መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ሌላውን ጎን ያሳያል። አንዲት ነርስ ለታካሚዋ የሚያረጋጋ መድኃኒት ልትሰጥ ብላ ጡንቻን የሚያሽመደምድ ሌላ መድኃኒት ሰጠች፤ ታካሚዋ ሞተች። ነርሷ ስህተቷን ወዲያው አሳወቀች፤ አልደበቀችም። የፌዴራል ተቆጣጣሪዎች በ2018 ባወጡት ሪፖርት እንደገለጹት ግን፣ ለአስከሬን መርማሪው መሥሪያ ቤት ስለ መድኃኒቱ አልተነገረም፤ ሞቱም በተፈጥሮ ምክንያት እንደደረሰ ተመዘገበ። በመጨረሻ በወንጀል የተከሰሰችው ማን ናት? ነርሷ። በ2022 በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተብላ ሦስት ዓመት ከእስር ውጭ በቁጥጥር ሥር እንድትቆይ ተፈረደባት፤ የሙያ ፈቃዷንም አጥታለች። በሆስፒታሉ በኩል ሞቱ በተመዘገበበት መንገድ ችሎት የቀረበ የለም።

ይህን ያየ ወጣት ነርስ ወይም ሐኪም ምን እንደሚማር መገመት አያቅትም። የተናገረ ተቀጣ፤ ዝም ያለ አልተቀጣም። ካርድ መለወጥን በእስራት መቅጣት ተገቢ ነው እላለሁ፤ ስህተትን በቅን ልቦና ያመነንም በዚያው ሚዛን የሚያስር ሕግ ግን ካርድ ደላዥ ያፈራል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የሠራውን ስህተት ገና ያወቀ ባለሙያ ካርዱን ፊቱ ዘርግቶ ሲቀመጥ የሚያሰላው ይህንኑ ነው።

ሚሺጋን እዚህ ላይ ብልህ ሆናለች። ሕጓ ካርድን ኃላፊነትን ለመሸሸግ ብሎ የለወጠ የጤና ባለሙያን እስከ 4 ዓመት ያስራል። ነገር ግን ከዚያው ሥር መውጫ አስቀምጣለች፤ ስህተትን ማረም ወይም የጎደለን መጨመር ወንጀል የማይሆነው፣ እርማቱ መደረጉ በግልጽ የሚታይ ከሆነና ቀድሞ የተጻፈውን ካልሸፈነና ካልለወጠ ነው። ድንጋጌው አጭር ነው፤ ግን ለባለሙያው ምን ማድረግ እንዳለበት ይነግረዋል። በስህተቱ ላይ አንድ መስመር ብቻ ይሰመርበታል፣ ከሥሩ ያለው ይነበባል፣ ከጎኑ ትክክለኛው ይጻፋል፣ ቀንና ሰዓት ይደረጋል፣ ይፈረማል። ዘግይቶ የተጻፈ ከሆነም ዘግይቶ የተጻፈ ነው ተብሎ ይጻፋል። ይህን ያደረገ ሰው ዓቃቤ ሕግን መፍራት የለበትም።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በእኛ አገር ይህች ቀላል ሥርዓት አንድ የቢሮ ልማድ ይገጥማታል። ጨረታ ላይ፣ ውል ላይ፣ ማመልከቻ ላይ፣ የትም መሥሪያ ቤት ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም ተብለን ነው ያደግነው። በዚህ ልማድ የተቀረጸ ሠራተኛ ካርድ ላይ ሲሳሳት የሚቀናው መሰረዝ አይደለም፤ ገጹን ቀድዶ በንጹሕ ወረቀት መገልበጥ ነው። ክፋት የለበትም፣ እንዲያውም ጽዱ ሠራተኛ ይባላል። ይሁን እንጂ ለታካሚ ካርድ ስርዝ ያለበት ገጽ ከተገለበጠው ንጹሕ ገጽ ይልቅ የሚታመን ነው። በጥቁር አንበሳም ሆነ በወረዳ ጤና ጣቢያ ለሚሠሩ ባለሙያዎች ይህ በሥልጠና ካልተነገራቸው፣ ነገ ክስ ሲመጣ በቅንነት የገለበጠው ሰው ከደላዡ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባል።

ሕጋችንም ቢሆን ወደዚያው ይገፋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲቀጣ፣ የሌላውን ሰው ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበትን ሰው ለብቻ ያወጣዋል፤ ምሳሌ አድርጎ የጠቀሳቸውም ሐኪምና አሽከርካሪ ናቸው። ለእነርሱ ቅጣቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ነው። ሐኪምና ሾፌር በአንድ ዓረፍተ ነገር መቀመጣቸው ራሱን የቻለ ክርክር ያስነሳል፤ ለዛሬ እንለፈው። ዋናው ነጥብ የተሳሳተ ሐኪም ከፊቱ ያለው የእስር ዓመት ግልጽ መሆኑ ነው። ሰነድን ወደ ሐሰት መለወጥም በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል፤ ሰነዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን ደግሞ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሊያስከስስ ይችላል። እንግዲህ በመንግሥት ሆስፒታል ካርድ የደለዘ በሙስና፣ በግል ክሊኒክ ያንኑ ያደረገ በመደበኛው የሐሰት ሰነድ ድንጋጌ ሊከሰሱ ነው። ለታካሚው ሁለቱም አንድ ናቸው፤ በሕጉ ዓይን ግን የጉዳቱ መጠን የሚለካው በሕንፃው ባለቤት ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ካርዱ መገኘት አለበት። ካርድ ክፍል ደጃፍ ላይ ተሰልፎ ካርድዎ ጠፍቷል፣ አዲስ ያውጡ የተባለ አንባቢ ብዙ ነው። የጠፋ ካርድ አልተደለዘም፤ ጠፍቷል ብቻ። ቅጣቱ በከበደ ቁጥር፣ የደለዘውን ብቻ የሚቀጣ ሥርዓት ለተንኮለኛው የሚሰጠው ምክር ግልጽ ነው፤ አትደልዝ፣ አጥፋው። ስለዚህ የካርድ መጥፋት በራሱ ኃላፊነት የሚያስከትል ካልሆነ፣ እሱም በግለሰቧ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ላይ ሳይሆን በተቋሙ ላይ፣ የቀረው ድንጋጌ ሁሉ ትርፉ ወረቀት ማባከን ነው።

በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ወረቀትን እየተኩ ያሉ ሆስፒታሎቻችንም ከብሪጅንድ መማር ያለባቸው ከአሁኑ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ በብዙ አገር የሌለ ወጥመድ አለ። ነርሷ መድኃኒቱን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሰጠሁ ብላ ትጽፋለች፤ ማሽኑ 9፡00 ይላል። እሷ የጻፈችው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ሶፍትዌሩ የተሠራው በውጭው አቆጣጠር ነው። መብራት ሲጠፋ በወረቀት የተያዘው መብራት ሲመጣ ይገባል፤ ማሽኑ ግን የሚያውቀው የገባበትን ሰዓት ነው። ይህን የማያውቅ መርማሪ ሁለቱን ቢያነጻጽር፣ በስድስት ሰዓት ልዩነት የሐሰት መዝገብ አገኘሁ ሊል ይችላል። በአንድ የይለፍ ቃል ሦስት ሰው በሚሠራበት ክፍል ደግሞ የጀርባው መዝገብ የሚነግረን ማን እንደጻፈ አይደለም፤ የማን ስም ክፍት እንደነበረ ነው።

በመሆኑም ጤና ሚኒስቴርም ሆነ ተቆጣጣሪው አካል ስለ ቅጣት ከማሰባቸው በፊት፣ ሥራ ላይ የሚውል ማንኛውም የሕክምና ሶፍትዌር የገባውን፣ የታረመውንና የተሰረዘውን ሁሉ ከነሰዓቱና ከነባለቤቱ እንዲይዝ፣ ያንን የጀርባ መዝገብም የሆስፒታሉ ኃላፊም ሆነ የሻጩ ኩባንያ ሠራተኛ ለብቻው ሊነካው እንዳይችል በግዥ ውሉ ላይ ማስገደድ አለባቸው። አቤቱታ በቀረበበት ዕለት የካርዱ ቅጂ ለሕክምና ቀርቶ ዋናው በሁለት ወገን ፊት ይታሸግ። የምክር ቤት አባላትም አንድ ቀን ይህን የሚመለከት ድንጋጌ ፊታቸው ሲቀርብ፣ ቅጣቱን ከመጨመራቸው በፊት በግልጽ ያረመን የሚጠብቅ፣ ያዘዘ አለቃን ከታዘዘው እኩል የሚጠይቅ አንቀጽ መኖሩን ይመልከቱ። ከሌለ ይመልሱት።

ለታማሚና ለአስታማሚ ደግሞ ይህን እላለሁ። ከሆስፒታል ስትወጡ የሕክምናችሁን ማጠቃለያ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ማኅተሙን ብቻ ሳይሆን ቀኑን፣ የሐኪሙን ስምና ፊርማ አይታችሁ ቅጂውን ቤታችሁ አስቀምጡ። ካርድ ክፍል ያለው ቢጠፋ ወይም ቢለወጥ ማነጻጸሪያ የሚሆነው እሱ ነው።